«ስፖርት ለጠገበ ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

የዛሬው ረዘም ይላል። «ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ» ልል ነበር፤ ነገሩ ግን መቀመጥን የሚከስ ስለሆነ የቻለ ቆሞ ያንብበው።

«ቲቸር፣ ስፖርት እኮ ለጠገበ ሰው ነው።»

ይህችን አባባል ከባጃጅ ሾፌር ሰምቻታለሁ። ከባለ ሱቅ፣ ከቢሮ ሠራተኛ፣ ከመምህራን ጓደኞቼ፣ እዚህ ቢዮ አዋሌ ማሽላ ከሚያርሱ ጎረቤቶቼም ሰምቻታለሁ። አንዳንዴ በሳቅ ነው የምትነገረው፣ አንዳንዴ በምሬት። ከተነገረች በኋላ ግን ማንም አይከራከራትም፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና ወደ ሌላ ወሬ ይገባል። እኔ ዕድሜዬን ፊሽካ ይዤ ልጅ ሳስሮጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ከዚህ በላይ ዝም ልላት አልችልም። አባባሏ ውሸት ናት። ውሸት ብቻ ብትሆን ባልከፋ፤ ሰው እየጎዳች ነው። የምትጎዳው ደግሞ የጠገበውን አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው።

የልብ በሽታ፣ ስትሮክ፣ ስኳር፣ ካንሰር፣ የሳንባ በሽታ… እነዚህ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፉ የሚባሉት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከሚሞቱ 10 ሰዎች 7ቱን የሚገድሉት እነሱ ናቸው። «የሀብታም በሽታ» እያልን ያደግንባቸው ማለት ነው። ታዲያ የሚሞተው ማነው? ከአራቱ ሦስቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖር ሰው ነው። በኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ወደ 16 በመቶ የሚሆነው ሰው የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ከስድስት ሰው አንድ ገደማ! እናንተ በተቀመጣችሁበት ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው።

አሁን የጠገበውንና ያልጠገበውን ጎን ለጎን አቁሟቸው። የጠገበው ሰው ግፊት ቢያመው በመኪናው ሄዶ ይለካል፣ መድኃኒቱን ይገዛል፣ ቢብስበት አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያም ካለፈ ባንኮክና ዴልሂ አለለት። የኛ የገጠሩ ሰውዬ ግን ለክትትል ከተማ መግባት አለበት። ትራንስፖርት አለ፤ የባከነ የሥራ ቀን አለ፤ መድኃኒት አለ። ይሄ ደግሞ እንደ ወባ ታክሞ በሳምንት የሚለቅ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው። አንድ ቀን ስትሮክ ከጣለው መጀመሪያ ፍየሏ ትሸጣለች፣ ቀጥሎ በሬው። ልጅቷ አባቷን ልታስታምም ከትምህርት ትቀራለች። የአንድ ሰው ደም ሥር ቢበጠስ የአንድ ቤት ኑሮ አብሮ ይበጠሳል።

እንግዲህ ንገሩኝ፦ መከላከል የሚያስፈልገው ለማን ነው? መታከሚያ ላለው ወይስ ለሌለው? በነጻ የሚገኝ መድኃኒት አለ ቢባል መጀመሪያ መሰለፍ ያለበት ማነው? ስፖርት ለጠገበ አይደለም። ስፖርት ለመታከም አቅም ለሌለው ነው። የጠገበውማ ባይንቀሳቀስም የሚያድነው ገንዘብ አለው፤ እሱም ሁልጊዜ አያድነውም እንጂ።

«መድኃኒት» ስል ለማሳመር አይደለም። ስሙ።

አሜሪካ ውስጥ የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። 3,234 ሰዎች ናቸው፤ ስኳር ገና አልያዛቸውም ግን አፋፉ ላይ ደርሰዋል። በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የሚባለውን የታወቀ የስኳር ክኒን ወሰደ። ሌላው መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጠው። ሦስተኛው በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ አመጋገቡን እንዲያስተካክልና ትንሽ እንዲቀንስ ታገዘ። ሦስት ዓመት ገደማ ከተከታተሏቸው በኋላ ክኒኑ የስኳር በሽታን በ31 በመቶ ቀነሰ። የእንቅስቃሴና የአመጋገቡ ቡድን በ58 በመቶ! እግር ክኒንን በእጥፍ ገደማ በለጠ። ይሄን ውጤት ያመጣው ክኒን ቢሆን ኖሮ ዋጋው ስንት ይገባ እንደነበር ገምቱ።

ለምን እንደሚሠራም ቀላል ነው። የምንበላው እህል ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ትልቁ ጎተራ ጡንቻችን ነው። የጎተራውን በር የሚከፍተው ኢንሱሊን ነው። ሰው ሲቀመጥ፣ ሲወፍር፣ ዕድሜ ሲጨምር በሩ እየዛገ ቁልፉ አልሠራ ይላል፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል። ጡንቻ ሲሠራ ግን ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ በሌላ በር ስኳሩን ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያም በላይ፣ ከእንቅስቃሴው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ያህል የመጀመሪያው በርም እንደተቀባ ማጠፊያ ቀለል ብሎ ይከፈታል። አንድ ሁለት ቀን ነው ያልኩት፤ ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ልብም እንደዚያው ነው። የሠለጠነ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ዕረፍት ላይ ሲሆን ቀስ ብሎ ይመታል። ደም ሥሮች ለመለጠጥ ይለማመዳሉ። ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ በፍጥነት ቢራመድ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ይወርዳል። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ብዙ ሰው ከአንድ የግፊት ክኒን የሚያገኘው ከዚህ ብዙም አይርቅም። አጥንት ይጠነክራል፣ እንቅልፍ ይስተካከላል፣ የጭንቀትና የድብርት ስሜት ይቀላል፣ የአንጀትና የጡት ካንሰር ዕድል ይቀንሳል።

አሁን ወደ ባጃጅ ሾፌሮቼ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼ ስለነበራችሁ ልቤ እናንተ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን ነው ያጠናው። አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ኑሮ፤ ግን ሁለት ሰው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ረዳቱ ትኬት እየቆረጠ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ሲታይ የልብ በሽታ ረዳቶቹ ላይ ከሾፌሮቹ በግልጽ ያነሰ ሆነ፤ ቢያዙም ቶሎ አይሞቱም። «ምናልባት ሾፌሮቹ መጀመሪያውኑ ወፍራም ስለነበሩ ቢሆንስ?» ተባለ። ሞሪስ ተመልሶ የደንብ ልብሳቸውን የሱሪ ቁጥር አስቆጠረ! እውነትም ሾፌሮቹ ወፈር ይሉ ነበር፤ ግን ቀጭን ሾፌርም ከቀጭን ረዳት የባሰ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ የሚያድሉ ፖስተኞችን ቢሮ ከሚቀመጡ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲያነጻጽርም ያው ሆነ። ሰውየው ራሱ ያስተማረውን እየሠራ 99 ዓመት ኖሮ ነው የሞተው።

የድሬ ባጃጅ ረዳት የላትም። ሾፌር ብቻ ናት። ከንጋት እስከ ምሽት ወንበር ላይ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ጀርባ ጎብጦ፣ ሙቀት ከላይ፣ የሞተር ሙቀት ከታች። ተሳፋሪውስ? ከአሸዋ ወደ ከዚራ ለመሻገር ባጃጅ የሚይዝ ሰው አውቃለሁ፤ ድልድዩን በእግሩ ቢሻገር ተሳፋሪ እስኪሞላ የሚጠብቃት ሰዓት ትበቃው ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ በትምህርት ቤት ውድድር 800 ሜትር የሚቀድመው አልነበረም። ኋላ ባጃጅ ገዝቶ ቤተሰብ አቋቋመ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። በ39 ዓመቱ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ያዘው። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታው በመቀመጥ ብቻ መጣ ልላችሁ አልችልም። ግፊት እንዳለበት አያውቅም ነበር፣ ተለክቶም አያውቅም። ከሩጫ በኋላ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ላብ እንዳላላበው ራሱ ነው የነገረኝ። «ቲቸር፣ ቤተሰብ ላበላ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ምን ይመለስለታል? «ስፖርት ለጠገበ ነው» የምትለውን አባባል ባየሁ ቁጥር የማስበው እሱን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ ቺኩንጉኒያ ድሬን ሲያጥለቀልቃት ታስታውሳላችሁ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ሲያቃስት ከተማው ሁሉ ነበር የተነሳው፤ ውሃ ማቆር ቀረ፣ ርጭት ተረጨ። ትንኝ ታስደነግጣለች። ግፊትና ስኳር ግን ድምፅ የላቸውም። ቀስ ብለው፣ ወንበር ላይ እንዳለን፣ ከጀርባ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ማንም አይነሳባቸውም።

«እኛስ ስንደክም እንውል የለም እንዴ?»

ይሄ የቢዮ አዋሌ ጎረቤቶቼ ክርክር ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ስለዚህ በአክብሮት ነው የምመልሰው።

እውነታችሁን ነው። ቢዮ አዋሌ የሚያርስ፣ ከብት የሚከተል፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ገበያ በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሰው ከኔ ምክር አያስፈልጋትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ሥራ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ አይቆጠርም አይልም፤ ይቆጠራል። ከተሜ መጥቶ «ስፖርት ሥሩ» ቢላችሁ ሳቁበት።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ድካም ሁሉ ጤና አይደለም። እንጨት ተሸክማ ወገቧ የሚጎብጥ እናት ስፖርት ሠራች አይባልም። ሸክሙ ልቧን ሳይሆን አከርካሪዋን ነው የሚያሠራው፤ ማረፊያ የለውም፣ በቂ ምግብም የለውም። «የገጠር ሴት ጠንካራ ናት» እያልን ሸክሟን የምናሞግስ ሰዎች እፍረት ሊሰማን ይገባል። ቢዮ የሚለው ቃል በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ስሟ ውሃ የሆነ አገር ውስጥ ቢጫ ጀሪካን የአንዲት ልጅ የጠዋት ስፖርት መሆን የለበትም። ውሃው ይቅረብላት፤ የተረፈውን ሰዓት ትሩጥበት፣ ትማርበት።

ሁለተኛው፣ ኑሯችን እየተለወጠ ነው፤ አፋችን ግን በድሮው ኑሮ ይናገራል። አባት ያርስ ነበር፤ ልጅ ከተማ ገብቶ ዘበኛ ወይ ሻጭ ሆነ። እናት በእግሯ ትሄድ ነበር፤ ልጅቷ ባጃጅ ትይዛለች። ደስ ይላል፤ ማንም በግድ በእግሩ ይሂድ አልልም። ግን አንድ ትውልድ ውስጥ እንቅስቃሴው ጠፍቶ፣ ዘይቱና ስኳሩ ጨምሮ፣ «እኛ እኮ ደክመን ነው የምናድረው» የሚለው ወሬ ብቻ ሳይለወጥ ቀረ። የአባትህ እርሻ ያንተን ልብ አይጠብቅም፤ ጤና አይወረስም።

ወደ በርጫው ልግባ? ገባሁ።

አቦ አትቆጡኝ። ጫት እዚህ አካባቢ እንጀራ ነው፤ የሚያበቅለውም፣ የሚያጓጉዘውም፣ የሚሸጠውም ወገናችን ነው። ስለ ንግዱ አይደለም የማወራው። ስለ ወንበሩ፣ ይቅርታ፣ ስለ ፍራሹ ነው። ከምሳ በኋላ ተቀምጦ እስከ ማታ። አጠገብ ለስላሳ፣ ወይ ስኳር የበዛበት ሻይ። ጫቱ ራሱ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፤ ሲጋራ ከተጨመረ በላይ በላይ ነው። ማታ ራት አይበላም፣ እንቅልፍ አይመጣም፣ ጠዋት መነሳት የለም። ከዚያ «ጊዜ የለኝም!» በሳምንት 150 ደቂቃ እኮ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ምርቃና ያንሳል። ጊዜ የለንም አንበል። ጊዜያችንን ሰጥተነዋል እንበል፤ ይሄ ቢያንስ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጫት ቅሞ ልብ እየመታ ተነስቶ መሮጥ ጀግንነት አይደለም፤ በግፊት ላይ ግፊት ነው። እንቅስቃሴውን ለጠዋት አድርጉት።

ኳሱስ? ድሬ የኳስ ከተማ ናት እንላለን። እውነት ነው፤ የጥጥ ማኅበር ክለብ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ያነሳበት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የአፍሪካ ዋንጫን ከአዲስ አበባ ጋር ያስተናገድንበት ታሪክ አለን። የአበበ ቢቂላና የደራርቱ ቱሉ አገርም ነን። ግን በታሪክ ላብ አይላብም! ዛሬ የኳስ ፍቅራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ሃያ ሁለት እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ይሮጣል፣ ሁለት መቶ የድሬ ሰው ይቀመጣል። የነሱ ልብ ይጠነክራል፣ የኛ ድምፅ ይዘጋል። ተመልከቱ እንጂ፤ እኔም አያለሁ። ግን በሳምንት 90 ደቂቃ ለሌላ ሰው ሩጫ የሚቀመጥ ሰው 90 ደቂቃ ለራሱ እግር ቢሰጥ ምን ይጎዳዋል?

አሁን ደግሞ የሚያመኝ ቦታ ደረስኩ። ትምህርት ቤት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። በቀን! እኛ በሳምንት የምትደርሳቸውን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ እንኳ እንነጥቃቸዋለን። ፈተና ሲቀርብ መጀመሪያ የምትሰዋው እሷ ናት። ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ «ያንተን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ስጥ፣ ኳስ ማንከባለል ለማንም አይጠቅምም» ተብያለሁ። ሒሳብን አልጠላም፤ ልጆቼ ሒሳብ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ግን ልጅ ጭንቅላቱን ብቻ ተሸክሞ አይመጣም። ተንቀሳቅሶ የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ትኩረቱ እንደሚሻል ማንም መምህር ያውቀዋል፤ ከዕረፍት በኋላ ያለውን ክፍል አይታችሁታል።

ሜዳውም ይነጠቃል። ጥግ ጥጉ ተቆርሶ ሱቅ ይሆናል፤ መሃሉ የግንባታ አሸዋና ጠጠር ማራገፊያ ይሆናል። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ከሁሉ በላይ። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል የለም፣ ውሃ የለም፣ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ቤት ውስጥ «ሴት ልጅ አደባባይ አትሮጥም» ይባላሉ። ከዚያ «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» እንላለን። አይወዱም ሳይሆን አላስወደድናቸውም። ረጅም ቀሚስና ሒጃብ ለብሳ ከማንም ወንድ በላይ ገመድ የምትዘል ልጅ አስተምሬያለሁ፤ ልብሱ አልከለከላትም፣ የከለከላት የሰው ዓይን ነው። ያቺ ልጅ ነገ እናት ናት። ማንም የማይንቀሳቀስባትን ቤት ብታቆም የሷ ጥፋት ነው?

ወላጆች፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን ጻፋችሁ?» ትላላችሁ፤ ጥሩ ነው። «ዛሬ ሮጣችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። ካልሮጠ ለምን ብላችሁ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። ካልተጠየቀ አይሰጥም።

መንግሥትና ከተማው ላይም አንድ ሁለት ቃል አለኝ። በ2011 ዓ.ም. በየወሩ አንድ እሁድ መንገድ ከመኪና ነጻ ተደርጎ ሕዝብ አብሮ ስፖርት እንዲሠራ ሲጀመር ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። አሁንም አጨበጭባለሁ። ሰው ሲሰበሰብ እፍረቱ ይጠፋል፤ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ሲዘል ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ግን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፦ የአንድ ቀን እንቅስቃሴ ጥቅሙ ስኳር ላይ አንድ ሁለት ቀን ነው የሚቆየው። በወር አንድ ቀን ማለት በዓመት 12 ቀን ነው። የቀረውን ከ350 በላይ ቀን ልባችን በምን ይኑር? በቲሸርቱ? ግፊት ያለበት ሰው «በወር አንድ ክኒን ነው የምውጠው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

የወሩ እሁድ ይቀጥል፤ የቀረውን ቀን የሚሸከመው ግን ስብሰባ ሳይሆን የእግረኛ መንገድ ነው። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ስትሄዱ ለምን ደስ ይላችኋል? ጥላ ስላለ። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ጥላ የሌለው መንገድ ላይ በእግርህ ሂድ አይልም። በሌላው ሰፈር የእግረኛው መንገድ ላይ ዕቃ ተዘርግቷል፣ ሞተር ቆሟል፣ ወይ ክዳን የሌለው ቱቦ አለ፤ እናቶች አስፋልት ላይ ከባጃጅ ጋር ይጋፋሉ። ዛፍ ትከሉ፣ ቱቦ ክደኑ፣ የሰፈር ሜዳ አትሽጡ። ልጆች በበጋ የደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ሜዳ ስላጡ ነው፤ ደቻቱ ደግሞ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ድሬ አይረሳውም። ሜዳ መስጠት ጤና ጣቢያ ከመሥራት ይረክሳል፤ የጤና ጣቢያውንም ሰልፍ ያሳጥራል።

«እሺ ቲቸር፣ ጨርስና ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ጂም አልኩ? ትሬድሚል አልኩ? ውድ ጫማ አልኩ?

በሳምንት 150 ደቂቃ። ማለትም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ፈጠን ያለ እርምጃ። እርምጃው ፈጣን መሆኑን እንዲህ እወቁት፦ እየሄዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም። መዝፈን ከቻላችሁ ፍጠኑ፤ ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። መሮጥ የሚወድ ግማሹ ደቂቃ ይበቃዋል። ግማሽ ሰዓቱ ካልተገኘ አሥር አሥር ደቂቃ አድርጋችሁ በታትኑት፤ ድምሩ ነው የሚቆጠረው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ፑሽ አፕ። ሽማግሌዎች በአንድ እግር መቆምን ተለማመዱ፤ መውደቅን ይከላከላል።

ሰዓቱ? ድሬ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። ሱብሂ ሰግዶ የሚመለሰው እዚያው ከመስጊድ በረጅሙ መንገድ ይምጣ። ኪዳን አድርሶ የሚመለሰውም እንደዚያው። ባጃጅ ሾፌሮች፣ ሰልፍ ላይ ተራ ስትጠብቁ ወርዳችሁ ቁሙ፣ ባጃጇን ሦስት ጊዜ ዙሯት። ባለ ሱቆች፣ ወንበራችሁን ለደንበኛ ስጡት። ባለ ቢሮዎች፣ ፋይሉን በሰው አትላኩ።

ጥንቃቄውንም ልናገር፣ ኋላ «ቲቸር ነው ያለኝ» እንዳትሉ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይይ። የልብ በሽታ ያለበት፣ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይጀምር። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ማታ ማታ እግሩን ይመልከት። ክኒን ያለው ክኒኑን አይጣል፤ እርምጃው የክኒኑ ጓደኛ እንጂ ጠላት አይደለም። ስፖርተኛም ይታመማል፤ የማይታመም ሰው የለም። እኔ የምለው ዕድሉን መቀነስ ነው፤ ዕድሉ ደግሞ በእጃችን ካለ ለምን እንለቀዋለን?

ከ35 ዓመት በላይ የሆናችሁ ተማሪዎቼ በሙሉ፣ በዚህ ሳምንት ግፊታችሁን አስለኩ። ይህን ጽሑፍ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የኔ ክርክር ይሄው ነው። የሚቃወመኝ ካለ በጨዋ ቋንቋ ይምጣ፤ መልስ እሰጣለሁ። «ጊዜ የለኝም» የሚል ግን ይህን ሁሉ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ እንዳይለኝ፤ ይህን ለማንበብ የወሰደባችሁ ሰዓት እስከ መንገዱ ጫፍ ደርሶ ያስመልሳል።

አቦ ተነሱ! ሰላም ዋሉ።